ከመግሪብ በኋላ

ቤቱ ሙሉ፣ ሥራው የማያልቅ፣ እንግዳው የማይጠፋ ሆኖ ሳለ ልጆቼን ቁርአን የማስቀራበት ጊዜ ከየት ላምጣ ይሉ ይሆናል። እስቲ ወደ 1870 ዓ.ም. ይመለሱ። በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ማግስት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ አዘዙ። ደብረ ታቦር ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው ከሚቀመጡባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ከጉና ሥር የሚኖር ሙስሊም ዐዋጁ የመጣው ከደጁ ነው። ብዙዎች ወደ መተማ ተሰደዱ። ከቀሩት ብዙዎቹ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ከረሙ።

ታዲያ ልጁን ማን ያስቀራው? ርስት የሌለው ሙስሊም ኑሮው ሽመናና ንግድ ነበር። አባት ከሸማው ዕቃ ወይም ከገበያ፣ እናት ከወፍጮና ከፈትል አይላቀቁም። መቼም ለሉሑ የሚተርፈው ከመግሪብ በኋላ ያለችው ሰዓት ናት። ሉሕ (እኔስ ለእንዲህ ያለ ዘመን የተሠራ ይመስለኛል) በጥላሸት ቀለም ይጻፍበታል፤ ልጁ ሲሐፍዝ ይታጠባል፤ ለፈታሽ የሚተርፍ ፊደል የለም። መካም ውስጥ ቢሆን ቀደምቶቹ ሶሓቦች በስውር የተማሩት በአል-አርቀም ቤት ነበር።

አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ጉባኤው ካለፈ 11 ዓመት ሊሞላው ነበር። በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን ቁርአን ለማኽተም ደርሷል።