በአልኮል የተጎዳ ጉበትና የጸረ ብግነት መድኃኒቶች ታሪክ



የዛሬው ታሪክ የሚጀምረው ከጉበት ሳይሆን ከመገጣጠሚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ በማዮ ክሊኒክ፣ ፊሊፕ ሄንች በመገጣጠሚያ ብግነት ለምትሠቃይ ሴት ኮርቲዞን ሰጠ፤ በቀናት ውስጥ ተራመደች። በ1950 ከሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ያ ስኬት ሐኪሞችን አደፋፈረ፤ ብግነት ባለበት ሁሉ መድኃኒቱን መሞከር ጀመሩ።

በአልኮል የሚመጣው ጽኑ የጉበት ብግነትም ተራው ደረሰ። ዐይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሆዱ ያበጠ፣ የሚያተኩሰው ሕመምተኛ በሳምንታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዊሊስ ማድሬና ባልደረቦቹ በ55 ሕሙማን ላይ ፕሬድኒዞሎንን ፈተሹ፤ ለሞት የቀረበውን የሚለይ ቀመርም አስከተሉ። በኋላ በተስተካከለው መልኩ፣ የደም መርጊያው ጊዜ ከመደበኛው የዘገየበት ሰከንድ በ4.6 ተባዝቶ የቢሊሩቢን መጠን ይደመርበታል፤ ውጤቱ ከ32 ካለፈ ሕመሙ ጽኑ ነው። ቀመሩን እወደዋለሁ፤ ከእርሳስና ከቁራጭ ወረቀት በቀር ምንም አይጠይቅም።

ነገር ግን ሰውነት በብግነት የሚዋጋው ተዋሕስያንን ጭምር ነው። ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ብግነት ቀስቃሹን ቲ ኤን ኤፍ የሚያግደውን ኢንፍሊክሲማብ ከፕሬድኒዞሎን ጋር ሰጡ። ጥናቱ የተሳታፊዎቹ ቁጥር 36 ሲደርስ ተቋረጠ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 7፣ ካልወሰዱት 3 ሰዎች ሞተው ነበር። ውጤቱ በ2004 ታተመ። እሳቱን ሲያጠፉ በሩን ለጠላት ከፍተው ነበር ብዬ አምናለሁ።

በብሪታንያ 65 ሆስፒታሎች፣ በ1103 ሕሙማን ላይ የተካሄደው ትልቁ ጥናት በ2015 ወጣ። ፔንቶክሲፊሊን አልጠቀመም። በ28 ቀናት ውስጥ ፕሬድኒዞሎን ብቻ ከወሰዱት 14 ከመቶ፣ ምንም መድኃኒት ከሌለው እንክብል ብቻ ከወሰዱት ደግሞ 17 ከመቶ ሞቱ፤ ልዩነቱ ለማረጋገጫ አልበቃም። በ90ኛው ቀን ጥቅሙ ጨርሶ አልታየም። ከፕሬድኒዞሎን ወሳጆች 13 ከመቶ ከባድ ኢንፌክሽን ሲያጋጥማቸው ከሌሎቹ 7 ከመቶ ነበር።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የላቀው ሥራ በ2007 ከሊል ከተማ የመጣው ነው። በ7ኛው ቀን ቢሊሩቢኑ በበቂ ካልቀነሰ ፕሬድኒዞሎን ይቁም ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች መድኃኒቱን መቼ እንደሚጀምሩ ጠየቁ፤ መቼ እንደሚያቆሙት ለመጠየቅ ግን ሦስት ዐሥርተ ዓመታት ወሰደ።