ምትሃትን ከመጽሐፍ ስለ መማር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ግንቦት ልደታ፥ እዚህ ልደታ ሰፈር ንፍሮው ተቀቅሎ ጎረቤቱ ሁሉ ከደጅ ተሰብስቦ ሳለ፥ የእኅቴ ልጅ የአንድ ብር ሳንቲም ይዞ ተነሣና «አሁን አጠፋታለሁ» አለ። ሦስት ሳምንት ያህል ከስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ሲለማመድ ሰንብቶ ነበር። ሳንቲሟ ስትሰወር ከፊት ለፊቱ የተቀመጡት እናቶች «በስመ አብ!» አሉ። በጎኑ ቆማ ንፍሮዋን ትቅም የነበረች አንዲት ሕፃን ግን «በግራ እጁ ይዟታል፤ ያውና!» ብላ ጮኸች። ሳቁ ሳያባራ ልጁ ወደ ቤት ገባ።

ማታ አጠገቡ ተቀምጬ ቪዲዮውን አየሁት። ሠሪው በእርግጥ ባለሙያ ነው። ነገር ግን ካሜራው ከአንድ ስፍራ ንቅንቅ አላለምና ልጁ የተማረው ለዚያ ለአንድ ዓይን ብቻ መሥራትን ነው። ከጎኑ ሰው ሊቆም እንደሚችል ማንም አልነገረውም።

እኔ ይህን ጨዋታ በልጅነቴ የተማርሁት ሽፋኑ ከተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ገዝቼው፥ መዝገበ ቃላት ከአጠገቤ አስቀምጬ፥ ጥቂት ገጾች ለመጨረስ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብኝ። መጽሐፉ ስለ ጣቶች ከመናገሩ በፊት ተመልካቹ የት እንደሚቀመጥና የሠሪው ዓይን ወዴት ማየት እንዳለበት ይናገራል፤ ሰው ሠሪው ወደሚያይበት ያያልና። ሥዕል ስላልነበረው እያንዳንዱን ቃል «ለምን?» እያልሁ መጠየቅ ግድ ሆነብኝ።

በዚያን ጊዜ በግቢያችን እንጀራ እየሸጡ የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። ሳንቲም ስሰውር አይተው «ይህን ከየት አመጣኸው? ደብተራ ዘንድ ሄደህ ነው?» ብለው ተቈጡኝ። መጽሐፉን አሳየኋቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉም እየተረጐምሁ አነበብሁላቸው። ከገጾቹ አንዱ ስለ ወረቀት እጥፋት የሚናገር ነበር። ሁለት አንድ ዓይነት እጥፋቶች ጀርባ ለጀርባ ይጣበቃሉ፤ ተመልካቹ በአንደኛው ውስጥ አንድ ብር ሲገባ ያያል፤ ሠሪው ገልብጦ ሁለተኛውን ሲከፍት፥ አስቀድሞ የተቀመጡ ሁለት ብሮች ይወጣሉ።

እናቲቱ ዝም አሉ። ቈይተው የነገሩኝ እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት «ብር አባዛለሁ» የሚል አንድ ሰው ቤታቸው መጥቶ፥ አንዱን ብር ሁለት አድርጎ ካሳያቸው በኋላ፥ የዕቁብ ገንዘባቸውን በሙሉ በወረቀት ጠቅልሎ «እስከ ሦስት ቀን እንዳይከፍቱት» ብሎ ሄደ። ሲከፍቱት ቁራጭ ጋዜጣ ሆኖ ተገኘ። እርሳቸውም «ገንዘቡን የወሰደው መንፈሱ ነው፤ በኃጢአቴ ተቈጥቶ ነው» እያሉ ሲጾሙና ሲያለቅሱ ኖረዋል።

«እንግዲያው ሌባ ነበር?» አሉኝ።

«ሌባ ነበር» አልኋቸው። ያን ወረቀት ከእጄ ተቀብለው ደጋግመው ሲያገላብጡት መሸ።

ኋላ እንዳነበብሁት፥ ይህንኑ ነገር በሰፊው የሠራ ሰው ነበረ። ሬጂናልድ ስኮት የሚባል የእንግሊዝ አገር የኬንት ሰው፥ በ1584 እ.ኤ.አ. ስለ ጥንቈላ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ድኾችና አሮጊቶች ጠንቋይ ናችሁ እየተባሉ በፍርድ ይገደሉ ነበር። ስኮት የጠንቋዮች ኃይል የሚባለው ከንቱ ወሬ መሆኑን ለማስረዳት ሲል የአደባባይ አጫዋቾችን ዘዴ አንድ በአንድ ጻፈው፤ ኳሱን፥ ሳንቲሙን፥ ካርታውን፥ መካከሉ ተቈርጦ የወጣ ቢላዋ ሥጋን የወጋ መስሎ እንዴት እንደሚታይ ሳይቀር ከነሥዕሉ አወጣው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን እንጀራቸው በዚህ ጨዋታ ላይ ለቆመ ድኾች ማዘኑ ነው፤ ምስጢራቸውን የሚገልጠው ቅር እያለው መሆኑን ራሱ ይናገራል። አጫዋችና አታላይ አንድ እንዳይደሉ አውቆ ነበር ማለት ነው። በእኛ አገር ጠልሰም የተሣለበት ክታብ በቆዳ ተሰፍቶ ከአንገት ይንጠለጠላል እንጂ ለንባብ አይዘረጋም፤ የመፈራቱ ምክንያት አለመነበቡ ይመስለኛል።

እንዲህ ስል መጽሐፍ ሁሉን ይሰጣል ማለቴ አይደለም። በ1805 በብሎዋ ከተማ የተወለደው ፈረንሳዊው ሮቤር ኡዳን ሰዓት ሠሪ ነበር። በትዝታው እንደሚነግረን፥ ስለ ሰዓት ሥራ የተጻፈ መጽሐፍ ሊገዛ ሄዶ ሻጩ በስሕተት የምትሃት ጨዋታ ያለበትን ሰጠው። መጽሐፉ ምስጢሩን ገለጠለት እንጂ እጅ እንዴት እንደሚሠራው አልነገረውም። የጎደለውን ራሱ ሞላው። ኳሶች ወደ ላይ እየወረወረና እየቀለበ፥ ፊቱ የተዘረጋ መጽሐፍ ማንበብን ተለማመደ፤ እጁ ከኪሱ ሳይወጣ ሳንቲም ያገላብጥ ነበር። በ1845 በፓሪስ የራሱን ቲያትር ከፈተ። ትዝታውን አንብቦ የተደነቀ፥ በቡዳፔስት የተወለደ ኤሪክ ዋይስ የሚባል ወጣትም ከእርሱ ስም ወስዶ «ሁዲኒ» ተባለ።

ነገር ግን በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ኡዳንን ወደ አልጄሪያ ላከው። እዚያ አንዲት ትንሽ ሣጥን አሳየ። ሣጥኒቱን ደካማ ሰው ያነሣታል፤ ጐበዙ አልጄሪያዊ ሲሞክር ግን ከወለሉ አልነቃነቅ ትለዋለች። ከወለሉ በታች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ነበር። የታሰበውም ሕዝቡ የራሱን የሃይማኖት ሰዎች ንቆ የፈረንሳይን ኃይል እንዲፈራ ነው። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ለኡዳን የነበረኝ ፍቅር ቀዘቀዘ፤ ያች ሣጥን ከእናቲቱ የወረቀት እጥፋት እምብዛም የራቀች አልመሰለኝም።

የኡዳንን ቲያትር በ1888 የገዛው ዦርዥ ሜልየስ ነው። እርሱም በ1896 በሠራው ፊልም ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ትሰወራለች። ዘዴው ካሜራውን ማቆም፥ ሴቲቱን ማስነሣት፥ ካሜራውን እንደገና ማስኬድ ነው፤ እጅ የሠራው ነገር የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከቀደሙት ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ዛሬ በዚህ እንስቃለን። ይሁን እንጂ የእኅቴ ልጅ በስልኩ ከሚያየው የትኛው በጣት የተሠራ፥ የትኛው ተቈርጦ የተቀጠለ እንደ ሆነ በምን ይለያል?

ያን የተገነጠለ መጽሐፍ ከሣጥን አውጥቼ ሰጠሁት።

«ጋሼ፥ ሥዕል የለውም እኮ!» አለኝ።

«የለውም» አልሁት።

ባለፈው እሑድ ስገባ ታናሽ እኅቱን «አንቺ በግራ በኩል ቁሚ፤ ሲታይሽ ንገሪኝ» እያለ ያዝዛታል። እርሷም በየጊዜው «ታየኝ» ትለዋለች። ገና ሁለተኛውን ገጽ አልጨረሰም።