አብርሃም ቨርጊዝ፦ አዲስ አበባ የተወለዱት ህንዳዊ ሐኪምና ደራሲ

አብርሃም ቨርጊዝ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ትውልደ ህንዳዊ ደራሲና የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። ግንቦት 22 ቀን 1947 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው እዚያው አደጉ፤ ዛሬ በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰር ናቸው። ሁለት የትውስታ መጻሕፍትና ሁለት ልብ ወለዶች ጽፈዋል። የመጀመሪያው ልብ ወለዳቸው ታሪክ በአብዛኛው የሚፈጸመው አዲስ አበባ ነው። በእንግሊዝኛ ከተጻፉ ልብ ወለዶች መካከል ከተማችንን ለዚህን ያህል አንባቢ ያደረሰ ሌላ መጽሐፍ መጥቀስ ያስቸግራል። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤተሰብና ልጅነት

ወላጆቻቸው ጆርጅና ማሪያም ቨርጊዝ በደቡብ ምዕራብ ህንድ ከምትገኘው ከኬረላ የመጡ የፊዚክስ አስተማሪዎች ነበሩ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መንግሥት ትምህርት ቤት በከፈተ ቁጥር አስተማሪ ይጠፋ ስለነበር ከህንድ፣ በተለይም ከኬረላ፣ ብዙ መምህራን ተቀጥረው መጥተዋል። ከአውራጃ ከተማ እስከ አዲስ አበባ ሒሳብና ሳይንስ ከህንዳዊ «ቲቸር» የተማረ ትውልድ ዛሬም አለ፤ የእነዚያ አስተማሪዎች ታሪክ በወጉ ሳይጻፍ መቅረቱ ያሳዝናል።

የኬረላ ክርስቲያኖች እምነታቸውን ከሐዋርያው ቶማስ እንደተቀበሉ ይተርካሉ፤ በትውፊታቸው መሠረት ሐዋርያው የባሕር ዳርቻቸውን የረገጠው በ52 ገደማ ነው። ቅዳሴያቸው ከሶርያ ወግ የተወረሰ ሲሆን፣ ከመካከላቸው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እህት ናት። በጥር 1965 የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰቡ ሁለቱም በአንድ ጉባኤ ተቀምጠዋል። በኋላ ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ ተብለው የህንድ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሆኑት ፖል ቨርጊዝም በ1947 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ለማስተማር ነበር፤ አማርኛም ተምረዋል። ይህ ቅርበት ስም ውስጥ ሳይቀር ይታያል። ቨርጊዝ የሚለው ስም ጊዮርጊስ የተባለው ስም በኬረላ ቋንቋ በማላያላም የያዘው መልክ ነው። ስለዚህ የደራሲው ስም በእኛ አጠራር አብርሃም ጊዮርጊስ ይሆናል።

አብርሃም በልጅነታቸው ከሁሉ አስቀድሞ አንባቢ ነበሩ። ወደ ሕክምና የመራቸው በልጅነት ያነበቡት የሶመርሴት ሞም ልብ ወለድ «ኦፍ ሂዩማን ቦንዴጅ» መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል። የዚያ መጽሐፍ ባለታሪክ በሌላ ሙያ ሞክሮ ካልሆነለት በኋላ ሐኪም የሚሆን ሰው ነው።

የተቋረጠው ትምህርት

የሕክምና ትምህርታቸውን የጀመሩት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ፋኩልቲው በ1964 የተከፈተ፣ ገና ወጣት ተቋም ነበር። የ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲፈነዳ የግቢው ተማሪ እንደ ዘመኑ ተበታተነ፤ አንዱ ለዕድገት በኅብረት ዘመተ፣ አንዱ ጫካ ገባ፣ አንዱ ተሰደደ። በዚያ ዘመን በዚያው ፋኩልቲ ሕክምና ይማሩ ከነበሩት አንዱ ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ትግል የወጡት መለስ ዜናዊ ናቸው። አብርሃምም ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ቤተሰባቸው ወደ ነበረበት ወደ አሜሪካ ሄዱ።

አሜሪካ የሕክምና ተማሪ አድርጋ አልተቀበለቻቸውም። በሆስፒታሎችና በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የሕሙማን ረዳት ሆነው ተቀጠሩ፤ ሥራው በሽተኛ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ በተሽከርካሪ አልጋ ከክፍል ወደ ክፍል መውሰድ ነበር። አንድ ሌሊት አንድ ተማሪ ረስቶት የሄደ የውስጥ ደዌ መማሪያ፣ «ሃሪሰን» ተብሎ የሚታወቀውን ወፍራም መጽሐፍ፣ ገልጠው ሲያነቡ ትምህርቱን መጨረስ እንዳለባቸው እንደወሰኑ ይተርካሉ። ወደ ህንድ ሄደው በማድራስ የሕክምና ኮሌጅ በ1979 ተመረቁ። ጽሑፋቸው ውስጥ በሽተኛን በእጁ ያነሳ፣ ላቡን ያበሰ ሰው እውቀት ጎልቶ የሚታየው ከዚህ የረዳትነት ዘመን የተነሳ ይመስለኛል። ሐኪም ከመሆናቸው በፊት ሕመምተኛን ከታች ሆነው አይተውታል።

ጆንሰን ሲቲ

በ1980 የስፔሻሊቲ ሥልጠናቸውን በቴነሲ ክፍለ አገር ተራሮች መካከል በምትገኘው በጆንሰን ሲቲ ጀመሩ። ዝነኞቹ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ለውጭ ተመራቂ በራቸውን ብዙም አይከፍቱም ነበርና፣ የገጠርና የድሃ ሰፈር ሆስፒታሎች በህንዳውያን፣ በፓኪስታናውያንና በፊሊፒናውያን ሐኪሞች ይሞሉ ነበር። ቦስተን ላይ የተላላፊ በሽታዎችን ጥናት አጠናቀው በ1985 ወደዚያችው ከተማ ተመለሱ።

ኤድስ የትላልቅ ከተሞች በሽታ ነው በሚባልበት በዚያ ጊዜ፣ ወደ 50 ሺህ ያህል ሕዝብ ባላት በዚህች የገጠር ከተማ ታማሚዎች መታየት ጀመሩ። ቨርጊዝ የታማሚዎቻቸውን አድራሻ በካርታ ላይ እየነቀሱ ሲያጠኑ የነገሩ መልክ ተገለጠላቸው። ብዙዎቹ በወጣትነታቸው ከዚያች ወግ አጥባቂ አገር ወጥተው እንደ ኒውዮርክና ሳን ፍራንሲስኮ ባሉ ከተሞች ኖረው፣ ሲታመሙ እናታቸው ቤት ለመሞት የተመለሱ ናቸው። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ሐኪሙ የሚሰጠው ራሱን ብቻ ነበር፤ ቤት ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ እጅ መያዝ፣ ከቤተሰብ ጋር መቀመጥ።

ይህ ሁሉ በሳይንሳዊ ጽሑፍ አይገባም አሉና ሥራቸውን ለቀው በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የደራሲያን ወርክሾፕ ገቡ። በ1991 ከዚያ ተመርቀው ወደ ቴክሳሷ ኤል ፓሶ ከሄዱ በኋላ በ1994 «ማይ ኦውን ካንትሪ» ታተመ። ርዕሱ «የገዛ አገሬ» ማለት ነው። ኢትዮጵያ ተወልዶ የህንድ ፓስፖርት የያዘ፣ የቴነሲ ሰው ባይተዋር የሚለው ሐኪም፣ የገዛ ወገናቸው ባይተዋር ያደረጋቸውን ሰዎች ሲያክም አገሩን የሚያገኝበት መጽሐፍ ነው። በ1998 ህንዳዊቷ ዳይሬክተር ሚራ ናይር የቴሌቪዥን ፊልም አድርገውታል። በዚያው ዓመት የወጣው «ዘ ቴኒስ ፓርትነር» በሱስ ስለወደቀ ወጣት ሐኪም የሚተርክ ሁለተኛ ትውስታቸው ነው።

«ከቲንግ ፎር ስቶን»

የመጀመሪያው ልብ ወለድ የወጣው በ2009፣ ደራሲው ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ማሪዮንና ሺቫ የተባሉ መንትዮች በ1954 አዲስ አበባ በሚገኝ ሆስፒታል ይወለዳሉ። እናታቸው ህንዳዊት መነኩሲት ነች፣ በወሊድ ትሞታለች፤ አባታቸው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቶማስ ስቶን ጥሏቸው ይጠፋል። የሚያሳድጓቸው የሆስፒታሉ ህንዳውያን ሐኪሞች ሄማና ጎሽ ናቸው።

ርዕሱ በሁለት በኩል ይነበባል። የሂፖክራተስ መሐላ ሐኪም የፊኛ ጠጠርን በቢላ ከማውጣት እንዲታቀብ፣ ያን ለባለሙያው እንዲተው ያዝዛል። «ስቶን» ደግሞ ጠጠር ወይም ድንጋይ ማለት ሲሆን የአባትየውም ስም ነው። ሆስፒታሉ «ሚሽን» ይባል የነበረው በአገሬው አፍ «ሚሲንግ» ሆኖ ቀርቷል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ «የጎደለ» ማለት ስለሆነ አባት የጠፋበት ቤት ስም ሆኖ ያርፋል። ደራሲው ከአዲስ አበባ እንግሊዝኛ የሰሙትን የአነጋገር ለውጥ የመጽሐፉ ምሰሶ ማድረጋቸው የጆሯቸውን ንቃት ያሳያል።

ከተማዋ በመጽሐፉ ውስጥ የምትታየው በቅርብ ዓይን ነው፤ ፒያሳና መርካቶ፣ ባሕር ዛፉና ክረምቱ፣ እንጀራና ወጡ ሁሉ አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ውስጥ ባልነበሩበት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በልብ ወለድ ስሞች ተሸፍኖ ይገባል። የሞግዚቷ ልጅ ገነት ከኤርትራ ታጋዮች ጋር ስትሰለፍ ማሪዮን በስሟ ተጠርጥሮ አገር ጥሎ ኒውዮርክ ይገባል። ሺቫ እዚሁ ቀርቶ በወሊድ ምክንያት ፊስቱላ የደረሰባቸውን ሴቶች በማከም ይታወቃል። የአዲስ አበባ አንባቢ እዚህ ላይ በ1959 መጥተው በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙትን አውስትራሊያዊቷን ካትሪን ሃምሊንንና ባለቤታቸውን ሬጂናልድን ማስታወሱ አይቀርም።

መጽሐፉ በአሜሪካ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ በኒውዮርክ ታይምስ የብዙ ሽያጭ ዝርዝር ላይም ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቷል። ይህን ሁሉ ተቀብሎ አንድ ነገር መናገር ይገባል። በ«ሚሲንግ» ቅጥር ውስጥ የሚወስኑት፣ የሚመራመሩት፣ የሚፋቀሩት በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ናቸው። አልማዝና ገብረው፣ ሮዚናም፣ በፍቅር የተሳሉ ቢሆኑም ወጥ ቤት፣ በር ጠባቂና ሞግዚት ናቸው፤ ገነት ደግሞ ከሚገባት በላይ የበደል ሸክም ተጭኖባታል። መጽሐፉ ኢትዮጵያን በኢትዮጵያዊ ዓይን አላየም። ያየው የውጭ አገር አስተማሪ ልጅ ከቅጥሩ ውስጥ ሆኖ ባያት መጠን ነው፤ ያን ያህሉን ግን በታማኝነት አይቶታል፣ ለአገሪቱ ያለው ናፍቆትም እውነተኛ ነው። የጎደለውን ለመሙላት እንደ ዳኛቸው ወርቁ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» እና እንደ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» ያሉ፣ ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ የጻፏቸውን ልብ ወለዶች አብሮ ማንበብ ይጠቅማል።

በሽተኛው አልጋ አጠገብ

ቨርጊዝ በ2007 ስታንፎርድ ገቡ። በሕክምናው ዓለም የሚታወቁት በአንድ ሙግት ነው። ሐኪሞች ከበሽተኛው ይልቅ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያለውን የበሽተኛ ምስል ማከም ጀምረዋል፤ መዳሰስ፣ ማዳመጥና ማየት እየተረሳ ነው ይላሉ። ለዚህም ተማሪዎች በእጅ ሊያውቋቸው የሚገቡ 25 የምርመራ ስልቶችን የሚያስተምር መርሐ ግብር ጀምረዋል። በ2016 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ የብሔራዊ ሂዩማኒቲስ ሜዳሊያ ሸልመዋቸዋል፤ በግንቦት 2025 ደግሞ በሃርቫርድ የምረቃ በዓል ዋናው ተናጋሪ ነበሩ።

«ዘ ኮቨናንት ኦፍ ዋተር»

ሁለተኛው ልብ ወለድ እስኪወጣ 14 ዓመት ፈጅቷል። በ2023 ታትሞ ኦፕራ ዊንፍሬይ ለመጽሐፍ ክበባቸው መረጡት። ርዕሱን «የውሃ ቃል ኪዳን» ልንለው እንችላለን። ከ1900 እስከ 1977 ኬረላ ውስጥ የሚኖር አንድ የክርስቲያን ቤተሰብን ይከተላል፤ በየትውልዱ ቢያንስ አንድ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ ይሞታል፣ የምክንያቱን ፍቺም የምታገኘው ሐኪም የሆነችው የልጅ ልጅ ናት።

ኬረላን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያስተዋወቁት ቨርጊዝ የመጀመሪያው አይደሉም። አሩንዳቲ ሮይ በ1997 የቡከር ሽልማት ያገኙበት ልብ ወለድም የሚተርከው ስለነዚሁ የሶርያ ወግ ክርስቲያኖች ነው።  

የ«ዘ ኮቨናንት ኦፍ ዋተር» መነሻ ግን ከሽልማት ሁሉ የራቀ የቤት ነገር ነው። የአብርሃም እናት ማሪያም፣ ለአዲስ አበባ ልጆች ፊዚክስ ያስተማሩት፣ ከልጅ ልጃቸው አንዷ «አያቴ፣ አንቺ ልጅ ሳለሽ ምን ይመስል ነበር?» ብላ ስትጠይቃቸው የኬረላ ልጅነታቸውን በደብተር ላይ በእጃቸው ጽፈው፣ ሥዕልም ጨምረው ሰጧት። ልጃቸው ልብ ወለዱን የጻፉት ያን ደብተር እያገላበጡና እናታቸውን እየጠየቁ ነው። ማሪያም ከዚያም በኋላ ታሪክ ትዝ ባላቸው ቁጥር ስልክ ይደውሉላቸው ነበር፤ መጽሐፉ ሳያልቅ አረፉ።