ግሬዲ ሆስፒታልና የአረጋውያን የመድኃኒት ትእዛዝ

በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት መዲና በአትላንታ እ.ኤ.አ. በ1892 የተከፈተው ግሬዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የከተማይቱን ድኾች ሲያክም የኖረ የሕዝብ ሆስፒታል ሲሆን፣ ታካሚው ስለ ጤናው የተጻፈለትን አንብቦና ተረድቶ ሊሠራበት ይችል እንደሆነ በሥርዓት መለካት ከተጀመረባቸው ስፍራዎችም አንዱ ነው። ባለሙያዎች የጤና መረጃን የመረዳት ችሎታ የሚሉት ይህ ነገር ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ሲሆን፣ የመድኃኒትን መጠንና ሰዓት አስልቶ ማወቅን፣ የቀጠሮ ወረቀት መረዳትን፣ የሚፈረምበት የስምምነት ቅጽ ምን እንደሚል መለየትን ያጠቃልላል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ሩት ፓርከርና ማርክ ዊሊያምስ፣ ከዴቪድ ቤከርና ከጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ነርስ ጋር ሆነው፣ ከሆስፒታል የዕለት ተዕለት ወረቀቶች የተቀዳ ፈተና አዘጋጁ። በፈተናው ታካሚው የመድኃኒት ብልቃጥ ይሰጠውና፣ መድኃኒቱ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ከምግብ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ በባዶ ሆድ እንዲወሰድ የሚያዘውን ጽሑፍ አንብቦ፣ ምሳውን እኩለ ቀን ላይ የሚበላ ሰው ከምሳ በፊት ሊወስደው ቢፈልግ በስንት ሰዓት መዋጥ እንዳለበት ይጠየቃል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ማንበብን፣ የተነበበውን በአእምሮ ይዞ መቆየትንና ማስላትን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። በ1995 በታተመው ጥናት መሠረት፣ በግሬዲና በካሊፎርኒያ በሚገኝ ሌላ የሕዝብ ሆስፒታል ከተፈተኑት 2,659 ታካሚዎች 42 በመቶ ያህሉ ይህንን የባዶ ሆድ መመሪያ አልተረዱም፤ 26 በመቶው ቀጣዩ ቀጠሯቸው መቼ እንደሆነ ከወረቀቱ መለየት ተስኗቸዋል፤ 60 ዓመት ከሞላቸውና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ደግሞ ችሎታቸው በቂ ሆኖ ያልተገኘው ከ80 በመቶ በላይ ነበሩ።

ከዚህ ቁጥር በስተጀርባ የአሜሪካ ደቡብ ታሪክ አለ። ጆርጂያ በ1829 ባወጣችው ሕግ ባሪያዎችን ማንበብ ማስተማር ከልክላ የነበረች ሲሆን፣ ባሪያዎቹ ነጻ ከወጡም በኋላ የጥቁሮች ልጆች በዘር በተለዩና ገንዘብ በተነፈጋቸው ትምህርት ቤቶች ተምረዋል፤ የአትላንታ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የዘር አጥር መፍረስ የጀመረው በ1961 ነበርና፣ የተፈተኑት ጥቁር አረጋውያን በዚያን ጊዜ የትምህርት ዕድሜያቸው አልፎ ነበር። ሆስፒታሉ ራሱ እስከ 1965 ድረስ ነጮችንና ጥቁሮችን በተለያየ ክንፍ ያክም ስለነበር፣ ነዋሪው እንደ ሁለት ቤት ቆጥሮ በብዙ ቁጥር «ግሬዲዎቹ» ይለው ነበር። የበደሉ ሸክም ግን ኀፍረት ሆኖ የወደቀው በተበዳዮቹ ላይ ነው፤ በ1996 እዚያው በግሬዲ በ202 ታካሚዎች ላይ በታተመ ጥናት፣ ማንበብ እንደሚቸግራቸው ካመኑት አነስተኛ ችሎታ ያላቸው ታካሚዎች ሁለት ሦስተኛው ይህንን ለትዳር ጓደኛቸው እንኳ ነግረው አያውቁም።

ይሁንና የትምህርት ቤት ታሪክ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። ማዕከሉ አትላንታ የነበረ የምርምር ቡድን በ1997 በክሊቭላንድ፣ በሂዩስተን፣ በታምፓና በደቡብ ፍሎሪዳ 3,260 የሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያን የጤና መድን፣ ተጠቃሚዎችን በመረመረ ጊዜ፣ የትምህርት ልዩነት ከታሰበም በኋላ ውጤቱ ከዕድሜ ጋር እያነሰ እንደሚሄድ ታይቷል። የአእምሮ ጠበብት እንደሚሉት፣ በዕድሜ ብዛት የተከማቸ የቃላትና የልምድ ዕውቀት እስከ እርጅና ይጸናል፤ አዲስ ነገርን ቶሎ የመረዳት፣ ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ በአእምሮ የመያዝና የማመዛዘን ችሎታ ግን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የመድኃኒት ትእዛዝ የሚፈትነው በአመዛኙ ይህንን ሁለተኛውን በመሆኑ፣ ዕድሜ ልኩን ሲያነብ የኖረ አዛውንትም በብልቃጥ ላይ በተጻፈ መመሪያ ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ ጥፋቱን ከአንባቢው ይልቅ ወረቀቱን በጻፈው ዘንድ መፈለግ ተገቢ ነው።

ይህ ጉዳይ በክላርክስተንና በሌሎች የአትላንታ አካባቢዎች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ቅርብ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. በአገር ቤት በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በጉልምስና ዕድሜው ፊደል የቆጠረው ትውልድ ዛሬ አርጅቷል፤ ከልጆቹ ዘንድ ባሕር ማዶ ለሚኖረው አረጋዊ ደግሞ እንግሊዝኛው ሌላ ሸክም ይሆንበታል። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጆችም ወላጆቻቸውን ሐኪም ዘንድ ሲያደርሱ ይህንን መብት ይጠይቁ፤ ሐኪሙ የተናገረውን ወላጆቻቸው በራሳቸው አንደበት መልሰው ሳያስረዱ ከክፍሉ አይውጡ።