ጩኸት ነውን ወይስ ዜማ?

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮና የመንዙማው ድቤ ጎረቤቶች ናቸው፤ ሁለቱን ያልለመደ መንገደኛ ግን ምቱን እንጂ ዜማውን አይሰማም። ጆሮ በልማድ ይፈርዳልና።

ይህን የጆሮ ፍርድ የሚፈትን ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1944 በካይሮ ተሠራ። ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ መኪና ተውሶ የዛር ሥርዓት ወደሚፈጸምበት ገባ፤ የሰማውን ቀድቶም በራዲዮ ጣቢያ የገደል ማሚቶ እየጨመረ፥ አንዱን ድምፅ እየቀነሰ ሌላውን እያጎላ፥ ቃሉ ጠፍቶ ጥላው እስኪቀር ድረስ ለወጠው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡርን ድምፅ አቀነባብሮ በራዲዮ ያሰማው ከዚያ በኋላ በ1948 ነው። ዛር ደግሞ ከአገራችን ወደ ግብፅ እንደ ወረደ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ብታወግዘውም ታሪኩን መሸሸግ አይገባም።

ስለዚህ ዓይነቱ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አድማጮች እስከ ዛሬ በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ቃልና ስልት የሌለው ጩኸት ነው ሲል፥ ሁለተኛው ድምፅ ራሱ ምስጢር አለው ይላል። የፊተኛው ነቀፌታ ከንቱ አይደለም፤ የእኛ ዜማ ቃልን ተሸክሞ የሚሄድ ነውና። ዳሩ ግን ሐሊም ኤል ዳብ የጥንቱን የሚንቅ ሰው አልነበረም፤ በ1963 በአዲስ አበባ የአገራችንን የዜማ ዕቃዎች በአንድነት ያሰማውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተ እርሱ ነው።

የበገና አሥሩ አውታር በእንዚራው ቆዳ ላይ ሲነዝር ንዝረቱን ጉድለት ነው የሚል ከእኛ ማን አለ? እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከመፍረድህ በፊት ደግመህ ስማ፤ ቅኔ የለመደ ጆሮ ሰሙን ብቻ ሰምቶ አይመለስምና።