የኤሌክትሪክ መኪኖች የሰስፔንሽን ሪኮል

ሪኮል ወይም መልሶ መጥራት ማለት አንድ ተሽከርካሪ ከተሸጠ በኋላ ለአደጋ የሚያጋልጥ ጉድለት ሲገኝበት፣ ሠሪው ኩባንያ ባለንብረቱን ጠርቶ ያለ ክፍያ የሚያስተካክልበት አሠራር ነው። በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ከታወጁት ሪኮሎች መካከል የተወሰኑት የሰስፔንሽን ክፍሎችን ወይም የጎማ ብሎኖችን መላላት ይመለከታሉ። የዚህ ዓይነቱ ጉድለት ጥገና ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ከባዱ ጥሪው ለባለመኪናው መድረሱ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚገቡት በግል አስመጪዎች በኩል በመሆኑ ጉዳዩ ለአገሪቱ ባለመኪኖች ትልቅ ትርጉም አለው።

የጉድለቱ ምንነት

ሰስፔንሽን ጎማን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኙት ክፍሎች የጋራ መጠሪያ ነው። ሞላ፣ አሞርዛተር፣ ጎማውን የሚይዙ ክንዶችና እነዚህን የሚያስሩ ብሎኖችና ዳዶዎች በውስጡ ይገኛሉ። ብሎን ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ሁለቱን ብረቶች አጣብቆ የሚይዘውም ይህ መለጠጥ ነው። ከልኩ በታች ከጠበቀ በመንገድ ንዝረት ቀስ በቀስ ይላላል፤ ከልኩ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካዎች የእያንዳንዱን ብሎን የማጥበቂያ ልክ በኒውተን ሜትር ይወስናሉ።

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ብዙ መቶ ኪሎግራም ሊመዝን ይችላል፤ ሞተሩም ከቆመበት ሲነሳ ጉልበቱን ወዲያው ይሰጣል። ሁለቱም በጎማና በሰስፔንሽን ላይ ጫና ይጨምራሉ። ይሁን እንጂ በነዳጅ በሚሠሩ መኪኖችም ላይ ተመሳሳይ ሪኮሎች ታውጀዋል፤ ብሎን በፋብሪካ በትክክል ካልጠበቀ የሞተሩ ዓይነት ለውጥ አያመጣም።

የታወቁ ጥሪዎች

ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2020 በቻይና ወደ 30,000 የሚጠጉ ከአሜሪካ የገቡ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን በሰስፔንሽን ክፍሎች መሰበር ስጋት ጠራ። ኩባንያው በጊዜው ተመሳሳይ ጥሪ በአሜሪካ አላደረገም። በ2021 ግን በአሜሪካ 2,791 ሞዴል 3ና ሞዴል ዋይ መኪኖችን ጠርቷል፤ ምክንያቱ የፊት ሰስፔንሽን ማያያዣ ብሎኖች ሊላሉ መቻላቸው ነበር።

ቶዮታ በሰኔ ወር 2022 (እ.ኤ.አ.) ቢዚ4ኤክስ የተባለውን የመጀመሪያውን በብዛት የተመረተ የኤሌክትሪክ መኪናውን ገበያ ላይ በዋለ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠራ። ወደ 2,700 በሚጠጉ መኪኖች ላይ የጎማ ብሎኖች ጥቂት ርቀት ከተነዳ በኋላም ቢሆን ሊላሉና ጎማው ሊወልቅ እንደሚችል ኩባንያው አስታወቀ። መፍትሔው እስኪገኝ ባለመኪኖች እንዳይነዱ ተነገራቸው። የዚሁ መኪና መንትያ የሆነው ሱባሩ ሶልቴራም አብሮ ተጠርቷል።

ሪቪያን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) 12,212 መኪኖችን ጠራ። የፊት የላይኛውን ክንድ ከጎማው መያዣ ጋር የሚያስረው ብሎን በበቂ ሁኔታ ላይጠብቅ እንደሚችል ተደርሶበት ነበር። ኩባንያው ጉድለቱ ይኖርባቸዋል ብሎ የገመተው ከተጠሩት መካከል 1 በመቶ ያህሉን ነው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ሳይታዩ ማወቅ ስለማይቻል ግን ሁሉም ተጠሩ። ጥገናው ብሎኑን አይቶ ማጥበቅ ሲሆን የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው።

የጥሪው ሰንሰለት

በአሜሪካ ሪኮል የተመሠረተው በ1966 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ ላይ ነው። ሠሪው ጉድለቱን ካረጋገጠ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመንግሥት ያሳውቃል፤ ለባለመኪኖችም በደብዳቤ ያስታውቃል። ተሽከርካሪው የሚለየው በሻንሲ ቁጥሩ ነው። ደብዳቤው የሚላከው በዚያው አገር መዝገብ ላይ ላለ ባለንብረት ስለሆነ፣ ድንበር ተሻግሮ የተሸጠ መኪና በቀላሉ ከሰንሰለቱ ይወጣል። ጥሪዎችም በየአገሩ ለየብቻ እንደሚታወጁ ከላይ የተጠቀሰው የቴስላ ሁኔታ ያሳያል።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ይፋ ሆነ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል ቢዋይዲ፣ ቮልስዋገን አይዲ ተከታታይና ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ባለመኪናው በሊብሬው ላይ የሰፈረውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ ጥሪ መኖሩን ከሠሪው ወይም ከወኪሉ ራሱ መጠየቅ ይችላል።

ከዋና ከተማው ርቀው ላሉ ባለመኪኖች ሌላው መጠበቂያ ጋራዥ ነው። ለምሳሌ ወረታ የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦር–ወልድያ መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የፎገራ ሜዳ በክረምት በርብና በጉማራ ወንዞች ሙላት ይጠቃል፤ ከአስፋልት የሚወጣ መኪና ጭቃና የተቆፈረ ጠጠር መንገድ ያጋጥመዋል። የባትሪና የሶፍትዌር ብልሽት ልዩ ባለሙያ ቢጠይቅም፣ ሰስፔንሽን ከነዳጅ መኪና ብዙ ስለማይለይ ማንኛውም የሠለጠነ መካኒክ ሊመረምረው ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገው የተሽከርካሪ ምርመራም ለቦሎ ሲቀረብ እነዚህን ክፍሎች ለማየት ዕድል ይሰጣል።

የመላላት ምልክቶች

ጉድጓድ ሲያልፉ ወይም ሲታጠፉ ከጎማ በኩል የሚሰማ የመንኳኳት ድምፅ፣ የመሪ መንቀጥቀጥ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳቡና ጎማ በአንድ ወገን ብቻ መበላቱ የተለመዱ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ሲታዩ መኪናውን አቁሞ ብሎኖቹን የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ ማስፈተሽ ይመከራል። ምልክት ሳይታይም ሊላላ ስለሚችል ግን ምልክት አለመኖሩ ብቻ ጥሪን ችላ ለማለት በቂ ምክንያት አይደለም።