የባዶ ቤት ታሪክ፦ ብቻውን የቀረ ቡችላ ለምን ያላዝናል

እ.ኤ.አ. በ1914 በጀርመን፣ ቦን ከተማ አጠገብ ኦበርካሰል በተባለ ስፍራ ድንጋይ የሚያወጡ ሠራተኞች አንድ ጥንታዊ መቃብር አገኙ። የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አፅም ነበረበት፤ አብሯቸውም ውሻ ተቀብሯል። መቃብሩ 14 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። የውሻውን ጥርሶች መርምረው በ2018 ውጤቱን ያወጡ ባለሙያዎች የደረሱበት ግን ከመቃብሩ ዕድሜ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ውሻው ሰባት ወር ገደማ የሆነው ቡችላ ነበር፤ ዲስቴምፐር የተባለው ገዳይ የውሻ በሽታ ደጋግሞ እንደጣለው ጥርሶቹ ላይ የቀረው ምልክት ያመለክታል። ሰው ባያሞቀው፣ ባያጠጣውና ባያጸዳው ኖሮ ለሳምንታት ሊቆይ እንደማይችል ተመራማሪዎቹ ደምድመዋል። ለአደንም ለጥበቃም የማይሆን በሽተኛ ቡችላ ነበር፤ ያም ሆኖ አስታመሙት፣ ሲሞትም ከሰው ጋር ተቀበረ። ከሰው አጠገብ መሆን ለውሻ እንዲህ የቆየ ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ አዲስ ቡችላ በር ሲዘጋበት የሚያሰማው ለቅሶ ከጠባይ ብልሽት ወይም ከቅብጠት የመጣ ነው ማለት ታሪኩን መገልበጥ ነው። ለቅሶው የጥንት ነው፤ አዲሱ ነገር ባዶው ቤት ነው።

ቀኑን ሙሉ ሰው የሌለበት ቤት በውሻ ታሪክ ውስጥ የትናንት ነገር ነው። የእረኛ ውሻ ከመንጋውና ከእረኛው አይለይም፤ የአዳኝ ውሻ ከጓደኞቹ ጋር ያድራል፤ በእኛም አገር የግቢ ውሻ ደጅ ቢያድርም ከብት የሚያወጣ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ቡና የሚወቅጥ ሰው አጠገቡ አይጠፋም። ሥራና ቤት የተለያዩት ፋብሪካው ሰዉን ከየቤቱ ካወጣ ወዲህ ነው። በዚያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ውሻን ለውበቱና ለዘሩ ማርባትና ማወዳደር ጀመሩ፤ የዘር መዝገብ የሚይዘው የኬነል ክለብ በ1873 ለንደን ላይ ተቋቋመ። ውሻው ከደጅ ወደ ሳሎን ገባ። በኋላ ባልም ሚስትም ሥራ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚውሉበት ኑሮ ሲመጣ፣ ሳሎኑ ውስጥ ብቻውን የሚቀር እርሱ ሆነ።

ለቅሶው ምን እንደሆነ በሥርዓት የተመረመረው አሜሪካ ውስጥ፣ በሜይን ግዛት ባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣውን ባሴንጂ ጨምሮ አምስት የውሻ ዘሮችን ከአሥር ዓመት በላይ አሳድገው ያዩትን በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። ቡችላ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አጠገቡ ካገኘው ፍጡር ጋር ራሱን ያስተሳስራል። ከለመደው ቦታና ጓደኛ ሲነጠል የሚያሰማው ጩኸት ከፍተኛ የሚሆነው ስድስትና ሰባት ሳምንት አካባቢ ነው፤ ይህም ብዙ ሰው ቡችላን ከእናቱ ወስዶ ወደ ቤቱ ከሚያስገባበት ዕድሜ ብዙም አይርቅም። በ1961 የዚያው ላቦራቶሪ ባልደረቦች ያሳተሙት ሙከራ ደግሞ ሌላውን ገጽታ አሳየ። በታጠረ መስክ ሰው ሳያዩ 14 ሳምንት የሞላቸው ቡችላዎች ሰው ሲቀርባቸው እንደ ዱር አውሬ ሸሹ። በካሊፎርኒያ ለዓይነ ስውራን መሪ ውሻ ያሠለጥን የነበረው ክላረንስ ፋፈንበርገር ከስኮት ጋር ሲሠራ ያየው ከዚህ ይስማማል፤ የቡችላነት ፈተናቸውን ካለፉ በኋላ ወዲያው ሰው ቤት የገቡት ቡችላዎች አብዛኞቹ መሪ ለመሆን ሲበቁ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ በውሻ ማደሪያ የቆዩት ብዙዎቹ ወደቁ። ቡችላ ከሰው እንዲጣበቅ የሚያደርገው ያ ተፈጥሮ ነው ሥራ የሚያስችለው፤ ሲነጠልም የሚያስለቅሰው እርሱው ነው። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። በ1978 የአንጎል ተመራማሪው ያክ ፓንክሴፕ፣ ስኮትና ባልደረቦቻቸው በጣም ጥቂት ሞርፊን የተሰጣቸው ቡችላዎች ለቅሷቸውን እንደቀነሱ አሳዩ። ይህም መነጠል አንጎል ውስጥ ከሕመም ጋር የሚዋሰን ስሜት መሆኑን የሚያመለክት ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምይዘው ማስረጃ ይህን ነው።

«ያለቀሰ ቁጥር ከሄዱለት ይቀማጠላል፤ ዝም ቢሉት ራሱ ይተዋል» የሚለው ተቃውሞ ግን ዛሬም ብርቱ ነው። ይህ ምክር ለቡችላ ከመሰጠቱ በፊት ለልጅ ተሰጥቶ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሰው ጆን ዋትሰን በ1928 ልጅን ማቀፍና መሳም ያበላሸዋል ብሎ ወላጆችን አስጠነቀቀ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሆስፒታሎችም የታመመ ልጅን ወላጅ እንዳይጎበኘው አጥብቀው ይገድቡ ነበር፤ ልጁ ለጥቂት ቀን አልቅሶ ዝም ሲል «ለመደ» ይባል ነበር። ተመራማሪው ጄምስ ሮበርትሰን በ1952 ሆስፒታል የገባች የሁለት ዓመት ሕፃንን በፊልም ቀርጾ ያ ዝምታ ተስፋ መቁረጥ እንደሆነ አሳየ፤ በ1959 መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲጎበኙ እንዲፈቀድ መከረ። ለልጅ የተሻረውን ትምህርት በቡችላ ላይ የምናጸናበት ምክንያት አይታየኝም። ቅብጠት ነው የሚለውም ቢሆን ተፈትሿል፤ በ1992 ቪክቶሪያ ቮይትና ባልደረቦቿ 711 የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው፣ ውሻን በማቀማጠልና በጠባይ ችግር መካከል ዝምድና አላገኙም።

እንዲያውም ቅርበት ድፍረት ይወልዳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስወርዝ በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ እናቶችንና ሕፃናትን ስትከታተል ያየችው፣ በእናቱ የሚተማመን ልጅ ከእርሷ ራቅ ብሎ ዙሪያውን እንደሚቃኝ ነው። ቡዳፔስት የሚገኙ ተመራማሪዎች እርሷ ኋላ ያዘጋጀችውን የፍተሻ ዘዴ ወስደው በ51 ውሾችና ባለቤቶቻቸው ላይ ሞከሩት፤ ውጤቱን በ1998 ሲያሳትሙ፣ ውሾቹ ከእንግዳ ሰው ይልቅ ባለቤታቸው ሲኖር እንደሚጫወቱና እንደሚቃኙ፣ ሲሄድ ደግሞ በሩ ላይ እንደሚቆሙ አሳዩ።

ከእኛ ወገን የሚነሳ ሌላ ተቃውሞ አለ፤ የመንደር ውሻ ማንም ሳያባብለው ያድጋል፣ የፈረንጅ ውሻ ብቻ ለምን ይጨነቃል? መልሱ ኑሮው ላይ ነው። የመንደር ቡችላ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ያድራል፤ መንገዱ ላይ ሰው አይጠፋም፤ ሲፈራ የሚሸሽበት አለው። ብቻውን በአራት ግድግዳ አልተዘጋበትም። አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም፣ ዋሽንግተን አካባቢ በአፓርታማ ቡችላ የሚያሳድግ ወገናችን ግን የያዘው ያንን ሳሎን ገብቶ ብቻውን የሚቀረውን ውሻ ነው፤ የመንደሩን መመዘኛ ይዞ ሊፈርድበት አይገባም።

ሠርቶ የሚያድር ሰው ከቡችላ ጋር ሲቀመጥ ሊውል አይችልም፤ ይህ እውነት ነው፣ ማንም ይህን አይጠይቅም። የሚጠየቀው መለየትን በልኩ ማስተማር ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ለውሻ የመለየት ጭንቀት ክሎሚፕራሚን የተባለውን መድኃኒት ስትፈቅድ እንኳ፣ ከሥልጠና ጋር እንዲሰጥና ስድስት ወር ላልሞላው እንዳይሰጥ ተወስኖ ነው፤ ስለዚህ ለቡችላ ክኒን መፍትሔ አይደለም። ቡችላችሁን ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አታምጡ። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች መኝታውን አልጋችሁ አጠገብ አድርጉለት። ከበሩ ለግማሽ ደቂቃ ወጥታችሁ ሳያለቅስ ተመለሱ፤ ቀስ በቀስ ጊዜውን አርዝሙ፤ ካለቀሰ ያረዘማችሁት እናንተ ናችሁና ወደ ኋላ መልሱት። መምታትና መጮኽ ግን ጭንቀቱን ያባብሳል እንጂ አያስተምረውም።